ለሾፓን ግራ እጁን መልሱለት

ሰሞኑን አንዲት ወዳጄ ያንን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የፖላንዳዊው ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ የሾፓንን ኖክተርን (የሌሊት ስሜት ያለው የፒያኖ ሙዚቃ)፣ ኦፐስ 9 ቁጥር 2ን፣ ስትጫወት አዳመጥኳት። ሁለት መስመር ሳትጨርስ ምቱ ጠፋ። በየሁለት ኖታው ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ትሮጣለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ሮማንቲክ አይደል እንዴ? ስሜትህ እንደመራህ ነው» አለችኝ። ይህን ከስንት ሰው ሰምቻለሁ መሰላችሁ! እኔ በፍጹም አልስማማም።

ሩባቶ የሚባል ነገር አለ። በጣልያንኛ «የተሰረቀ» ማለት ነው፤ ከአንዱ ኖታ ትንሽ ጊዜ ወስዶ ለሌላው መስጠት። ሾፓን በዚህ ዝነኛ ነበር። ግን ተማሪዎቹ የጻፉትን ስታነቡ ግራ እጅ የኦርኬስትራ መሪ ነው፣ ምቱን አይለቅም፤ ቀኝ እጅ ግን እንደ ዘፋኝ ይዘገይ፣ ይቸኩል፣ እንደ ልቡ ይሁን ብሎ ነበር የሚያስተምራቸው። ተማሪው ካሮል ሚኩሊ እንዳለው ሜትሮኖም፣ ያ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ከፒያኖው ላይ አይጠፋም ነበር። ሜትሮኖም፣ ያውም በሾፓን ቤት!

ኖክተርኗን ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። ግራ እጅ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ይመታል፣ ሁለት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያስከትላል፣ ከዚያ እንደገና። እስከ መጨረሻው ገደማ ሥራው ይኸው ነው። ዜማው በተመለሰ ቁጥር ግን ቀኝ እጅ አዲስ ጌጥ ይጨምርበታል፤ ሾፓን ደግሞ በዚህ አልበቃ ብሎት በተማሪዎቹ ኖታ ላይ በእርሳስ ሌላ ጌጥ ይጽፍላቸው ነበር። ነፃነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወለሉ ሲነቃነቅ ማን ጌጡን ያያል?

«ራሱስ ምቱን ይስብ አልነበር?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። በ1842 ፓሪስ ውስጥ ሾፓን አንድ ማዙርካ፣ ማለትም በፖላንድ ባለ ሦስት ምት ጭፈራ የተሠራ ሙዚቃ፣ እያስተማረ ሳለ የኦፔራ ደራሲው ሜየርቢር ገባና ይህ እኮ በሁለት ምት ነው አለ። ሾፓን ሦስት ነው ብሎ በእርሳስ ፒያኖውን እየመታ ቆጠረለት፣ ራሱም ተጫወተለት፣ ሜየርቢር ግን ወይ ፍንክች። ሾፓን በንዴት ጥሎ ወጣ። ይህን የጻፈው እዚያው የነበረው ተማሪው ሌንዝ ነው። ያ መሳብ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ከፖላንድ ገጠር ጭፈራ የመጣ ነው፤ ጨፋሪው ጠበቅ አድርጎ የሚረግጠው ምት ረዘም ይላል። ማዙርካ የሚጫወት ሰው መጀመሪያ በእግሩ ይሞክረው።

የዛሬ ፒያኒስቶች ምቱን መሳብ ለምን እንደሚያበዙ ይገባኛል። ሾፓን በሕይወቱ ሙሉ በአደባባይ የተጫወተው 30 ጊዜ ገደማ ነው። ቦታው ሳሎን ነበር፣ የሚወደው ፕሌየል ፒያኖም ድምፁ ለስላሳ ነው። ያንን ሹክሹክታ ዛሬ በትልቅ አዳራሽ፣ በትልቅ ፒያኖ፣ መጨረሻው ወንበር ድረስ ማድረስ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ይጋነናል። ቢሆንም ምቱን መስዋዕት ማድረግ መፍትሔ አይሆንም።

ወዳጄን አንድ ነገር ለመንኳት፤ ለአንድ ሳምንት ግራ እጅሽን ብቻ ተጫወቺ። ሰለቸኝ እያለች ጨረሰችው። ከዚያ ቀኝ እጇን ስትጨምርበት አጠገቧ ተቀምጬ በጣቴ ጉልበቴ ላይ ምቱን መቁጠር ጀመርኩ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ዜማው ወሰደኝና መቁጠሬን ረሳሁት።