ደላላ እንዳይደውል

ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሰዎች ሳይጣሉ የሚያሟቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ብርዱና ደላላው። ብርዱ ቢያንስ ኮሚሽን አይጠይቅም። ደላላው ግን ከሻጩም ከገዢውም በመቶኛ ቆንጥሮ ይወስዳል፤ ከቀናውም በሁለቱ መካከል ዋጋ ጭኖ «ኦቨር» የሚባለውን ለራሱ ያስቀራል። ስለዚህ ቤቱን ራሱ ሸጦ የደላላውን ድርሻ ኪሱ ማስቀረት የማያምረው ነዋሪ የለም። አሳቡ ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ጠላት ፊት ወደ ኋላ በማለት የማይታማው የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ቤቱ የመጣን እንግዳ ዓይን ዓይኑን እያየ «ዋጋው ይህን ያህል ነው» በል ሲባል ወኔው ከየት እንደሚከዳው አይታወቅም። ደላላ የሚከፈለው ገዢ ስለሚያመጣ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ዋናው ሥራው ግን እኛ ያፈርነውን በእኛ ፈንታ መናገር ነው።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው ይህችን ከተማ ሲቆረቁሩ፣ ቦታውን ያሳያቸው ደላላ ስለ መኖሩ የጻፈ የለም። ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ መራቋ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካዎቹና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተደማምረው፣ ትናንት ገብስ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ በካሬ ሜትር እንዲጠራ አድርገውታል። በሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ስልክ ይዞ ፀሐይ የሚሞቅ ጎልማሳ ብታዩ ሥራ ፈት እንዳይመስላችሁ፤ ቢሮው እዚያ ነው።

ጡረታ የወጡት መምህር ጎረቤቴ ጠባሴ ያለውን ቤታቸውን ያለ ደላላ ለመሸጥ በቆረጡ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያደረጉት ማስታወቂያ መጻፍ ነው። የልጅ ልጃቸው በቴሌግራም የለጠፈላቸው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በ250 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ባለ ሦስት ክፍል መኖሪያ ቤት ከነማድ ቤቱ። ጓሮው በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ደላላ እንዳይደውል።» የጓሮውን ነገር መጻፍ ምን አስፈለገ ሲባሉ «ገዢው ሐምሌ ላይ ያየው የለም ወይ?» ብለው መለሱ። ደላላ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እውነት «የውሃ ችግር የሌለበት» ብሎ ይጽፈው ነበር።

በማግስቱ የደወሉት ሁሉ ደላሎች ነበሩ፤ ደላላ ነኝ ያለ ግን አንድም አልተገኘም። አንዱ አሜሪካ ላለች እኅቱ፣ ሌላው አሜሪካ ላለ ወንድሙ፣ ሦስተኛው አሜሪካ ላለ የሚስቱ ወንድም የሚፈልግ ሆነ። መምህሩ አሜሪካ ያለው ሐበሻ በሙሉ ጠቅልሎ ጠባሴ ሊገባ ነው ብለው ሰጉ።

ስልክን ባያነሡትም ይቻላል፤ ዕድርተኛን ግን እንዴት ያደርጉታል? ደላላ ሲኖር ቤት የሚሸጠው በሹክሹክታ ነው፤ ሻጩ ቢጠየቅም «ኧረ ማን አለ!» ብሎ ይክዳል። መምህሩ በገዛ ስማቸው ስላወጁ መካድ አልቻሉም። የሰንበቴ ወንድሞቻቸው «ምነው ጋሼ፣ ምን ገጠመዎት?» እያሉ እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገታቸውን ደፍተው ይገቡ ጀመር። አንዱ ሕመም ጠንቶባቸው ነው ሲል፣ ሌላው ከባለቤታቸው ሊፋቱ ነው አለ። ካጽናኑአቸው በኋላ ደግሞ እያንዳንዳቸው «አንድ ሰው ነበረኝ» ይላሉ፤ «እኔ እንኳ ምንም አልፈልግም» የሚለውንም አይረሱም። ምንም የማይፈልግ ሰው ጠላ ይጠጣል፣ አረቄ ይደግማል፣ እስከ ፋሲካም ድረስ ውለታ የዋለ ሰው ሆኖ ይጠብቃል። በሰፈሩ ደላላ ያልሆነው ደላላው ብቻ ነበር ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

ይህን ሰምተው ከመንዝ የመጡት ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ ከዘራቸውን አስደግፈው «መሬት ይሸጣል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። በሕግ ረገድ ልክ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ መምህሩ የሚሸጡት ከመሬት በላይ ያለውን፣ ይኸውም ጭቃውን፣ ማገሩንና ቆርቆሮውን ነው። እንግዲህ ጠባሴ ላይ ያለ ጭቃ፣ ማገርና ዝገት የጀመረው ቆርቆሮ በሚሊዮን ሲጠራ፣ ይኸው ጭቃ አሥር ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ሲገኝ ለምን በነጻ እንደሚታፈስ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሻጭም፣ ገዢም፣ መንግሥትም ተግባብተው ዝም ብለዋል። የካርታው፣ የፕላኑ፣ የግብር ደረሰኙና የዕዳና እገዳ ማጣሪያው ጉዳይ መምህሩን አላስቸገራቸውም። ለሰልፍ የሚሆን ጊዜ ጡረተኛ አያጣም።

ችግሩ እውነተኛው ገዢ የመጣ ዕለት ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ ጎልማሳ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩን አንኳኩቶ ገባና ባለቤቱን ሲያይ «ቲቸር!» ብሎ ጎንበስ አለ። ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩት ልጅ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ገበያ ብሎ ለመጥራት ይከብዳል። ሰውየው ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር ሊያደርግ እጁን ዘረጋና የመምህሩን ደብተር እንደ ማረም ሆኖበት መልሶ ሰበሰበው። «ጣሪያውስ ደኅና ነው?» ማለቱን እንኳ እንደ ድፍረት ቆጥሮ፣ ሳይመለስለት «ኧረ ግድ የለም» አለ። መምህሩ ግን «ግድማ አለው! በዚህ ጥግ ያፈሳል» ብለው መሰላል አስመጥተው ካልወጣህ አሉት። በኅዳር አመዳይ ሲወርድ የቧንቧው ውሃ ጠዋት ጠዋት እንደሚረጋም ነገሩት። ተማሪው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ማስታወሻ አለመያዙ እንኳ ያስገርማል።

ከዚያ ቡና ተፈላ፣ የገብስ ቆሎ ቀረበ። አቦሉ ተጠጣ፤ ዋጋ አልተነሣም። ቶናው ሲቀዳ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ አንተው በል» አሉ።

«ምን እላለሁ ቲቸር፤ እርስዎ ያሉት ይሁን።»

«የለም፣ ገዢው አንተ ነህ።»

«በእርስዎ ፊት ዋጋ ልጥራ?»

በሌላው ዓለም ሻጭ ሊያስወድድ፣ ገዢ ሊያረክስ ይታገላል። እነዚህ ሁለቱ የታገሉት ቁጥር ቀድሞ ከአፉ እንዳይወጣ ነበር። ነገሩ እስከ ማታ ይዘልቅ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ ከረከቦቱ ኋላ የተቀመጡት ባለቤታቸው ግን ስኒውን እያለቀለቁ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «አምስት ሚሊዮን ነው፤ ተማሪያቸው ስለሆንህ መቶ ሺሁ ተነሥቶልሃል። አሁን በረካውን ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አሉት። ሕጉ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ማድረጉ የሴቶችን መብት ለማስከበር ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ባሎችንም እንደሚያተርፍ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ገዢው በረካውን ጠጥቶ ቀብዱን አስቀመጠ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ስለሚያዝ ውል ለማስጸደቅ ወደ አዋዋዩ ቢሮ ተያይዘው ሄዱ። እንደሚታወቀው በአገራችን አንድ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንዱ ለኪስ፣ አንዱ ለወረቀት። ቀረጡ የሚሰላው በወረቀቱ ላይ ነውና «እዚህ ጋ ትንሽ ዝቅ እናድርጋት» የሚለውን ቃል በጆሮ የሚጥለው ደላላው ነው፤ ሻጭና ገዢ ያን ጊዜ ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። አሁን ግን ቃሉን የሚናገር ሰው አልተገኘም። መምህሩ መነጽራቸውን ጠረጉ። ተማሪው ኮርኒሱን አየ። ሁለቱም ያሰቡትን ለመናገር አፍረው 4 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር የሚለውን እንዳለ አጻፉት፤ ገዢው ለደላላ ሊከፍል የነበረውን 2 በመቶ ለቴምብር ቀረጥ አዘጋጀው።

ሠራተኛዋ ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ዋጋው በስሕተት አይደለም የተጻፈው?» አለች። አይደለም አሏት። «ደላላ አልነበራችሁም ማለት ነው» ብላ ወረቀቱን መልሳ ሰጠቻቸው፤ ውጭ ወጥተው ተመካክረው እንዲመለሱም አዝናላቸው ነገረቻቸው። ወጡ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች ማን የት እንደ ደረሰ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ሞተ ሲጨዋወቱ ቆዩና ያንኑ ዋጋ ይዘው ተመለሱ።