ገና አፌን ሳልከፍት «ተሳስተሃል» ላለኝ ቅጽ የቀረበ ምስጋና

ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔም አብሬ ማማረር ሰለቸኝ፣ የሚመሰገን ሰው ደግሞ መመስገን አለበት። ኦንላይን ቅጽ የሚሰሩልን ልጆች እስከዛሬ ማንም «ጎሽ» ያላቸው የለም። አስታውሱ እስቲ፣ ዲጂታል ልንሆን ነው ሲባል ስንቱ ሰው የቀበሌ መስኮት ሊቀርብን ነው ብሎ ፈርቶ ነበር፣ ያ ቀና ብሎ ሳያይህ «አይሆንም» የሚልህ ሰውዬ፣ ያ «ፎቶኮፒ ጎሎሃል ነገ ና»፣ ነገ ስትሄድ ደግሞ «ጉርድ ፎቶስ?» የሚለው፣ በቃ ሊቀር ነው ብለን ስንሰናበተው እነሱ ሰውዬውን ከነጸባዩ ስልካችን ውስጥ አስገብተው አተረፉልን። ቅርስ ጥበቃ ማለት ይሄ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሶስት ሰዓት አካባቢ አክስቴ ጋ ነበርኩ። አንድ መስሪያ ቤት ኦንላይን ተመዝገቡ ብሏል (የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ነገ እኔም ጉዳይ ይኖረኛል)። መነጽሯን አደረገች፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ኢሜይል የሚለው ሳጥን ላይ ገብታ የመጀመሪያዋን ፊደል ኤምን ነካች። አንድ ፊደል! ሳጥኑ ወዲያው ቀላ፣ ከስሩ «ትክክለኛ ኢሜይል ያስገቡ!» አለ፣ ቃለ አጋኖው ሳይቀር። አክስቴ ጣቷን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች።

«ውይ ይቅርታ» አለችው፣ ስልኩን ነው እንግዲህ። ከዛ ወደ እኔ ዞራ «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም አክስትዬ፣ ቀጥይ።»

«ተሳስተሻል እያለኝ እንዴት ነው የምቀጥለው?»

ለዚህ መልስ የለኝም። ግን የፕሮግራመሩን ቅንነት እዩልኝ፣ ኤም ብቻዋን ኢሜይል አይደለችም፣ እውነቱን ነው፣ አት የምትባለዋ ምልክት እስክትመጣ፣ ነጥቧ እስክትመጣ፣ ኮም እስኪያልቅ ድረስ ጣትህን ባሳረፍክ ቁጥር ሳይሰለች ይነግርሃል። ሌላ የኔ ቢጤ ሰነፍ ቢሆን «ጨርሳ ትናገር» ብሎ ይጠብቃት ነበር። ሽማግሌ ፊት ቆመህ ገና «እን...» ስትል «ውሸት ነው!» ብሎ የሚነሳ ሰው ሰፈራችሁ ካለ አትቀየሙት፣ ቅጽ ይስራ።

እኔ ራሴ ከዚሁ ስራ ስለምበላ ጓዳውን አውቀዋለሁ። ብሮውዘሩ ሰውየው በጻፈ ቁጥር ኢንፑት የሚባል ምልክት ይልካል፣ ሳጥኑን ለቆ ሲወጣ ደግሞ ብለር የሚባል። ብለሩን ልጠብቅ ካልክ ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል መቀየር ነው፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ግን ለምን ሲባል? እንደውም የገጹን መልክና ቀለም የሚወስነው ሲኤስኤስ ውስጥ ኢንቫሊድ («ልክ ያልሆነ») የምትባል አለች፣ እሷን ዝም ብለህ ከተጠቀምክ ግዴታ የሚሞላው ሳጥን ገጹ ሲከፈት ጀምሮ ቀይ ሆኖ ይጠብቅሃል፣ ምንም ሳትነካ፣ ገና ስትገባ ጥፋተኛ ነህ። ሰውየው እስኪነካካው የምትታገስ ዩዘር ኢንቫሊድ የምትባል እህት አለቻት፣ በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ክሮምም ተቀብሏት አሁን ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ያውቋታል፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ታጋሽ እኛ ጋ ስራ አያገኝም። ሉክ ሮብሌውስኪ የሚባል ዲዛይነር ደግሞ በፈረንጆቹ 2009 ላይ 22 ሰዎች አስቀምጦ ቅጽ አስሞልቶ ነበር፣ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ሲነገራቸው ቶሎ ይሞላሉ፣ እየጻፉ ሳለ ሲነገራቸው ይዘገያሉ ይበሳጫሉ። 22 ሰው! እኛ እኮ ሀገር ነው የምናበሳጨው።

ሁሉም ችኩል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ዝምተኛውም አለ፣ እሱን ደግሞ በጣም ነው የማከብረው። ሰላሳ ሳጥን ስትሞላ ትንፍሽ አይልም፣ ጭራሽ ደግ ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ «ላክ» ስትለው ገጹን ወደላይ ያስፈነጥርና «ስህተት አለ» ይልሃል። የት? እሱን ራስህ ፈልግ። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ የትኛው ሳጥን እንደተሳሳተ ለይታችሁ በጽሑፍ ንገሩ ይላል፣ ቀለም ብቻውን አይበቃም ይላል፣ ማየት የተሳነው ሰው አለ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው አለ ይላል። ይላል እንግዲህ፣ መመሪያ ምን ይሳነዋል።

የዝምተኛው ጥበብ አንድ በአንድ መናገሩ ነው። ሕጉን ከመጀመሪያው ሳጥኑ አጠገብ ቢጽፈው ጨዋታው ይበላሻል፣ ይሄ እኮ እንቆቅልሽ ነው፣ እኛም «ምን አውቅልህ» እያልን ያደግንበት። የአክስቴ አያት ስም ቶላ ነው። «ቢያንስ 3 ፊደል ያስገቡ» አላት። በላቲን ሲጻፍ አራት ፊደል ነው፣ በኛ ፊደል ቶ እና ላ ሁለት፣ ሕጉን ከእንግሊዝኛው ሲገለብጡ ፊደላችን አንዷ ለሁለት እንደምትሰራ ማን ያስታውስ። አያቷን ቶላላ አደረገቻቸው፣ አፈሩ ይቅለላቸው። ስልክ ስትጽፍ በዜሮ ዘጠኝ ጀመረች፣ አይሆንም፣ በ251 ሞከረች፣ አይሆንም፣ ለካ ያለ ዜሮው ዘጠኝ አሃዝ ነው የሚፈልገው። የኔን ልስጠው ብዬ 07 ያለውን ሰጠሁት፣ እንዲህ አይነት ቁጥር የለም አለኝ። ባለ 07ቱ ሳፋሪኮም በኛ አቆጣጠር በ2015 ነው በይፋ ስራ የጀመረው፣ ቅጹ ወሬውን ገና አልሰማም። ፋይዳ ቁጥር ሲል ደግሞ 12 አሃዙን ይሁን ካርዱ ላይ ያለውን 16 አሃዙን አይነግርህም፣ አንዱን ጽፈህ ላክ ብለህ ተመልሰህ ነው የምትማረው። የቤት ቁጥር ላይ ስንደርስ አክስቴ በኩራት መታወቂያዋን እያየች «አዲስ» ብላ ጻፈች።

«ቁጥር ብቻ ያስገቡ» አላት።

«አዲስ ነው እኮ የሚለው፣ እዩት!» ብላ መታወቂያውን ለስልኩ አሳየችው።

በእንቆቅልሽ ደንብ ያላወቀ ሀገር ይሰጣል አይደል፣ እስከዛ ሰዓት ድረስ ጎንደርን፣ ደሴን፣ ጅማን ሰጥተነው ቅጹ ወደ ሐረር እያየ ነበር።

ሌላ አንድ አይነት ደግሞ አለ፣ ቂመኛው። ያጠፋኸውን አስተካክለሃል፣ ኢሜይሉ አሁን እንከን የለውም፣ ቀዩ ግን እዛው ነው፣ እንደገና ላክ እስክትለው ድረስ አይለቅህም። እኔ ሙያው ላይ እያለሁ ራሴን ተጠራጥሬ ሁለቴ አጥፍቼ ጻፍኩት። ለመውቀስ የሚዘገይ፣ ይቅር ለማለት የሚፈጥን ቅጽ መስራት ይቻላል፣ ቀይ አውጣ ማለትን ለብለሩ፣ ቀይ አጥፋ ማለትን ለኢንፑቱ መስጠት ነው በቃ፣ ለአለቃዬ አንዴ ይሄን ሳስረዳው «ሰዎች ይደፍሩናል» አለኝ።

ብቻ ሁሉንም ሞላን። ቶላላም ገቡ፣ ለቤት ቁጥሩ 000 ሰጠነው ደስ ብሎት ተቀበለ፣ ፎቶውም ሶስቴ ተልኮ በአራተኛው ከ2 ሜጋባይት በታች መሆን እንዳለበት ተነግሮን አሳንሰን ላክን። አክስቴ በስመ አብ ብላ «ላክ»ን ነካች። ገጹ ዞረ ዞረ ዞረና «የቆይታ ጊዜዎ አልቋል፣ እባክዎ እንደገና ይጀምሩ» አለ፣ ሳጥኖቹም ነጭ ሆነው ተመለሱ። እኔ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። አክስቴ ግን የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች፣ ስድስት ተኩል ሆኗል፣ መነጽሯን አወለቀችና፦

«ተወው የኔ ልጅ፣ ምሳ ወጥቶ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እንሞክረዋለን።»