ለማርፈድ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ባለፈው እሁድ ለሽምግልና ተቃጥረን ነበር። አምስት ሽማግሌ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሲኤምሲ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ካፌ። 4 ሰዓት ላይ የልጅቷ አባት ቤት መገኘት አለብን። አራታችን ጋቢያችንን ደርበን ተሰየምን። የቀረው አምስተኛው፣ ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣው ወዳጃችን ነው። አፍ ሆኖ የሚናገርልን እሱ ነው። መኪናም ያለው እሱ ነው።

3 ተኩል ላይ ደወልን። "ደረስኩ በቃ፣ መገናኛ ነኝ" አለ። ከጀርባው ሻወር ይንፏፏል። ከኮሪደር ልማቱ ጋር መገናኛ ላይ ፏፏቴ ተሠርቶ ይሆናል ብለን በደግ ተረጎምነው።

4 ሰዓት ከ45 ላይ ገባ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። ቁጭ አለ፣ የኮቱን እጅጌ ሰብሰብ አደረገ፣ ክንዱን ከስኳር ዕቃው አጠገብ አሳረፈው። እንድናይለት ነው። አየንለት። ቀይና ሰማያዊ ቀለበት፣ አራት ቆጣሪ፣ የሁለት አገር ሰዓት በአንድ ፊት።

"ጂኤምቲ ናት፣ ባለ ሁለት አገር" አለ። "ሜካኒካል። ኳርትዙን ልግዛ እሷን ልግዛ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ሳወዳድር ነው የከረምኩት።"

ሦስት ወር! እኛ ልጃችንን ስንድር እንኳ ይህን ያህል አላጣራንም። እንዲህ ያለ ሰው መቼም በየቤተ ዘመዱ አንድ አይጠፋም፤ ታውቁታላችሁ። ሰው ያማዋል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ነው የመጣሁት። ለጊዜ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ለሰከንዷ ሲጨነቅ ሰዓቱ አለፈው እንጂ።

ትምህርቱንም አልነፈገንም። የልጅቷ አባት በር በሩን እያዩ እኛ ማኪያቶ ይዘን ተማርን። ሜካኒካሏ በሞላ ትሠራለች፤ ልቧ በሰዓት 28,800 ጊዜ ይመታል። ኳርትዝ ባትሪ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ብትከፍለው አንድ ሰከንድ ይወጣል፤ ቆጣሪዋም ጠብ ትላለች። "ትክክለኛነቱን ከሆነ ኳርትዝ ይበልጣል" ብሎ አመነ። "ግን ነፍስ የለውም።" የእሱኛዋ ነፍስ አላት። ሦስት ቀን ካላሰራት ትሞታለች።

አንደኛው ሽማግሌ "ታዲያ የሁለት አገሩ ምን ያደርግልሃል?" አለው። ይኸማ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሮሌክስ ይቺን ዓይነት ሰዓት ፓን አም ለሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪዎች ሠራ። አትላንቲክን እየተሻገሩ የመነሻቸውንም የመድረሻቸውንም ሰዓት እንዲያውቁ። ቀዩ ቀን፣ ሰማያዊው ሌሊት። ልብ በሉ፣ የተሠራችው በሰዓቱ ለሚነሱና በሰዓቱ ለሚያርፉ ሰዎች ነው። የእኛው አብራሪ ከሳሎን ተነስቶ ካፌ ለማረፍ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀበት።

እዚህ ላይ እስኪሪብቶ አውጥቼ ናፕኪን ላይ ሂሳብ ጀመርኩ። ማድረግ አልነበረብኝም።

1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ 6,300 ሰከንድ ነው። ስዊሶች ክሮኖሜትር ብለው ማኅተም የሚመቱበት ሜካኒካል ሰዓት በቀን በአማካይ ከ4 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ እንዳይጎተት ነው ሕጉ። ጥፋቱ የሰዓቷ ነው እንበል። ጨዋ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። በቀን 4 ሰከንድ እየተጎተተች 6,300 ለመድረስ 1,575 ቀን ያስፈልጋታል። አራት ዓመት ከአራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ከስልኩ ጋር አላስተያያትም ማለት ነው። ይሆናል። ሥራ ይበዛበታል።

ተራ የመርካቶ ባለ ባትሪ ቢሆንስ? እሱ በወር 15 ሰከንድ ቢዛነፍ ነው። 420 ወር፣ 35 ዓመት። ደርግ ሊወድቅ ሲንገዳገድ ተስተካክላ ከዚያ ወዲህ እጅ ያልነካት ሰዓት መሆን አለባት። እሷም ፈልገው ካገኟት ምክንያት ትሆናለች።

ጉዱ የቅንጦቱ ኳርትዝ ነው። የግራንድ ሴይኮ ባለ ሁለት አገር ኳርትዝ ዝንፈቱ በዓመት 10 ሰከንድ ነው። ስለዚህ 630 ዓመት! ወዳጃችን ኳርትዙን ገዝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሰዓቷ መጨረሻ የተስተካከለችው በዘርዐ ያዕቆብ አባት በዐፄ ዳዊት ድንኳን ውስጥ ነበር ብሎ ሊያሳምነን ነው። ከዚያ ከአባት ለልጅ ስትወርድ በግራኝ ጦርነት ከመቃጠል ተርፋ፣ ጎንደር ገብታ፣ ዘመነ መሳፍንትን አሳልፋ፣ ዓድዋ ዘምታ፣ በየሦስት ዓመቱ ባትሪዋ እየተቀየረ (210 ባትሪ ነው፤ በዘመነ መሳፍንት ባትሪ ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ)፣ ይህን ሁሉ ትውልድ ስትሻገር አንድ ሰው እንኳ "ቆይ፣ ይቺ ሰዓት ወደ ኋላ አልቀረችም?" ሳይላት ሲኤምሲ ደረሰች። ሎንጂን ደግሞ በዓመት 5 ሰከንድ ብቻ የሚዛነፍ ባለ ሁለት አገር ኳርትዝ ሠርቷል። እሱን ያሰረ ሰው 1,260 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ አክሱም ሊገባ ነው። ይህን ያህል የዘር ሐረግ ማን ይቆጥራል?

ስለዚህ ገዢዎች ሆይ፣ ምክሬ ግልጽ ነው። ልታረፍዱ ካሰባችሁ ሜካኒካል ግዙ። የአራት ዓመት ሰበብ ይታመናል። "ቆማብኝ ነው" ለማለትም ትመቻለች። ኳርትዝ ሰው ያጋልጣል።

ናፕኪኑ ሞልቶ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሁለተኛው አገር። ወዳጃችን ሁለቱን ሰዓት ካላየ የአዲስ አበባውና የዋሽንግተኑ ይምታታበታል። እውነቱን ነው፣ እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ያንቀሳቅሳሉ፤ የእኛው አይነቃነቅም። በበጋቸው ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 8። ግን እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ከእናታችን ማሕፀን ይዘን ወጥተናል። ከ7 ላይ 6 ሲቀነስ አንድ። ዋሽንግተን ቀትር 12 ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ነው። በክረምታቸው ደግሞ ሁለት መደመር ነው። ይኸው ነው። አንድ ጣት፣ ቢበዛ ሁለት። ጣት ደግሞ ባትሪም ሞላም አይፈልግም።

እዚህ ላለነውማ ተራዋ የግድግዳ ሰዓት ራሷ ባለ ሁለት አገር ናት። በፈረንጅ ከተሞላች አጭሩ ቆጣሪ 10 ላይ ሲሆን ትይዩውን ማየት ነው፦ 4። አያቴ ይህን ያለ ስዊስ ታውቅ ነበር።

"አባባ፣ እርስዎስ ሰዓት አያስሩም?" አለ ወዳጃችን፣ ዋጋውን የሚጠይቀው ሲያጣ። አባባ 78 ዓመታቸው ነው። ከዓለም ባንክ ተነስተው ታክሲ እየቀያየሩ፣ 3 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው የደረሱት። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አሳዩት። ስኳር አለባቸው። ልጅቷ ቤት ቁርስ ይቀርባል ብለው መድኃኒታቸውን ወስደው፣ እህል ሳይቀምሱ ነው የወጡት። 4 ሰዓት ሲያልፍ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስተናጋጇ ናት አይታ ዳቦ በማር ያመጣችላቸው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ሰውየው ያረፈደው ከመንገድ አይደለም፣ ከንቀት ነው። ያ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሱ አልነበረም። የኛ ነበር፣ ያንን ቤት አጽድተው ጠላ ጠምቀው የጠበቁት ሰዎች ነበር፣ የእኚህ ሽማግሌ ነበር። ኪሳቸው ገብቶ መቶ ብር ቢወስድ ሌባ ይባላል። ዕድሜያቸውን ወስዶ "መንገዱ ተዘጋግቶ" ይላል።

እሱ ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር። ለ3 ሰዓት ስብሰባ ጠርቶ 5 ሰዓት ላይ ገብቶ "በሰዓቱ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ" የሚለው ሰብሳቢ የእሱ ወንድም ነው። እሳቸው ካልመጡ መድረኩ የማይከፈተው የክብር እንግዳም አጎቱ ናቸው። የሁሉንም ክንድ እዩት። ያበራል።

የልጅቷ ቤት የደረስነው 5 ተኩል ላይ ነው። አባትየው በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ጠላ ቀዱልን፣ ምግብ አቀረቡልን፣ ስለ ጉዳያችን ግን ትንፍሽ አላሉም። ስንወጣ "ለሚቀጥለው እሁድ 4 ሰዓት ተመለሱ፤ እስከዚያ ከዘመድ እንመክራለን" አሉ። ወዳጃችን ክንዱን ቀና አድርጎ ቀለበቷን አንዴ ዞር አደረጋት። ምን እንደመዘገበ አላውቅም።

ከመኪናው ወርደን ሲለየን አራታችን ቆመን ተማከርን። ለእሱ ቀጠሮው 2 ሰዓት ከሩብ ነው እንበለው አልን፤ ሂሳቡ እንደሆነ ናፕኪኑ ላይ አልቋል።

አባባ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ "1 ሰዓት በሉት" አሉ። "ገላውንም ይታጠባል።"