ውዳሴ ኩረጃ

ይህች አገር በኅብረት ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ ኩረጃን የሚያህል የለም። ለአንድ የሰፈር መንገድ ሕዝብ ለማስተባበር ወራት ይፈጃል፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ በመጨረሻም ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ይጣላሉ። ለማትሪክ ግን ማንም ስብሰባ ሳይጠራ ሁሉም የድርሻውን ያውቅ ነበር። ወላጅ ያዋጣል፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የመቀመጫውን ድልድል ያሳምራል፣ ጎበዙ ተማሪ ክንዱን ከወረቀቱ ላይ ያነሣል፣ ፈታኙም ወደ መስኮቱ ዞሮ የሰማዩን ሁኔታ ያጠናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት አባቶቻችን፣ የማለፊያው ነጥብ ሃምሳ በመቶ እንደሚሆን ሳይነገራቸው አልቀረም።

ሥርዓቱ ራሱ ለዚህ በጎ ምግባር የተመቸ ነው። አንድ ልጅ 12 ዓመት ሙሉ የተማረው ተጨምቆ ተጨምቆ በስድስት የትምህርት ዓይነቶች ከ600 ይታረማል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ለሁሉም ነው፤ ከዚያ በኋላ የተፈጥሮ ሳይንሱ ተማሪ ወደ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ ወደ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይሄዳል። "አብራራ" የለም፣ "አስረዳ" የለም። ከቀረቡት ምርጫዎች አንዱን መርጦ ክቡን በእርሳስ ማጥቆር ነው። ዕውቀት ወደ አንድ ፊደል ከወረደ በኋላ ለመንገድ የተመቸ ይሆናል፤ በሳል ይላካል፣ በጣት ይላካል፣ ጆሮ በመንካትም ይደርሳል። ድርሰት ጻፉ ቢባል ኖሮ እኮ ኮራጁ የሚገለብጠውን ቢያንስ ማንበብ ነበረበት። ከዚህ መከራ የገላገሉንን ፈተና አውጪዎች እግዜር ይስጣቸው።

ስለ ሙያው ጥበብ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። አጤሬራ የሚጽፍ ልጅ ያየ ሰው ይመስክር። ሌሊቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ፣ የዐሥር ሳንቲም ስፋት ባላት ወረቀት ላይ የኬሚስትሪን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከነቀመሩ ያሰፍራል። ወረቀቷ ታጥፋ ታጥፋ ካልሲ ውስጥ ትገባለች። በእርግጥ ሥራው አደጋ አለው፤ አንዳንዱ ሲጽፍ ሲጽፍ ሳያስበው ምዕራፉ ይገባውና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ደግሞ መተማመኑ! የጥያቄ ጥራዞቹ በኮድ ይለያያሉ፤ የአንዱ ኮድ ጥያቄ 1 በሌላው ኮድ ጥያቄ 34 ሊሆን ይችላል። ይህን እያወቀ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክብ ሳያዛንፍ የሚገለብጥ ተፈታኝ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር የተሻለ ባመጣ ነበር። ግን በወንድሙ አልተጠራጠረም፤ እንዲህ ያለ እምነት ዛሬ በባልና ሚስት መካከል እንኳ አይገኝም።

ለእኔ ግን የኩረጃ ወርቃማ ዘመን ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር በፈተና ውስጥ የነበረበት ጊዜ ነው። ስለ ራስን መቻል የተጠየቀውን ከጎረቤት መገልበጥ፣ ስለ ኃላፊነት የተጠየቀውን ከካልሲ ማውጣት። የነቃ ማኅበራዊ ተሳትፎ የሚለው ምዕራፍማ ፈተና ክፍሉ ውስጥ በተግባር ይሠራ ነበር።

በ2008 ነገሩ ከአዳራሽ ወጥቶ አገር አከለ። የእንግሊዝኛው ፈተና ከዕለቱ በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ (ለምን እንደወጣ ሌላ ታሪክ ነው፤ ፖለቲካ ነበረበት)፣ አገር አቀፉ ፈተና ተሰረዘ፣ በድጋሚው ሰሞንም ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። ልጆች እንዳይኮርጁ አገር በሙሉ ከፌስቡክ ሲጾም በታሪካችን የመጀመሪያው ነበር።

ደግ ነገር አይበረክትምና፣ ትምህርት ሚኒስቴር በዚህ ፍቅር ቀናበት። በ2014 ተፈታኞችን ሰብስቦ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳደረ፤ ስልክ ከለከለ፣ የሥጋ ዘመድ ያልሆኑ ፈታኞች መደበ። ከ2016 ጀምሮ ከፊሉን ተማሪ በኮምፒውተር ይፈትናል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ወደ መስኮት መዞር አያውቅም። በ2014 ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ሆኑ። 3.3 በመቶ! ከዚያ ቀደም የመግቢያው ነጥብ ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ ከፍ ዝቅ ይል ስለነበር፣ ግማሽ ማምጣት ይህን ያህል ብርቅ መሆኑን ማንም ልብ አላለውም።

ሕዝባችን እዚህ ላይ ያሳየው ማስተዋል ሊመሰገን ይገባል። ልጆቹ 12 ዓመት ምን ሲማሩ ነበር ብሎ ነገር ያከረረ ጥቂት ነው። ፈተናው ከበደ፣ መንገዱ አደከማቸው፣ የግቢው ምግብ አልተስማማቸውም፣ ሚኒስትሩ ጨከኑ። በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ ሲሆንና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ሲቀሩ እንኳ ይህ ጨዋነታችን አልተናጋም። በአንድ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አለማለፉ ቅናትን ያጠፋል፤ የማን ልጅ ከማን ልጅ ይበልጣል የሚባል ነገር የለም። የቤተ ሙከራው ብልቃጥ ከካርቶኑ ሳይወጣ፣ ቁልፉም ከንብረት ክፍል ሠራተኛው ኪስ ሳይወጣ፣ ሁሉም በእኩልነት ይወድቃል።

ለወደቁት ደግሞ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተዘጋጀ። አሠራሩ ድንቅ ነው፤ በ12 ዓመት ያልገባ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጥቂት ወራት ይገባል። ከተቻለ ለምን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በጥቂት ወራት አልጨረስነውም የሚል ምቀኛ አይጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ አንብበው የሚያልፉ ልጆች እየበዙ ነው ማለት ነው። የድሮው ፍቅር ግን ፈጽሞ አልበረደም። ጎረቤቴ እትዬ ልጃቸው ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ባለፈው በር ላይ አስቆሙኝ።

"ልጄ፣ አንተ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ ሰው አታጣም። ፈታኞቹን ከየት እንደሚያመጧቸው አጣርተህ ልትነግረኝ ትችላለህ?"

"ፊዚክስ የሚያስተምራት ማን ነው እትዬ?" አልኳቸው።

"እሱማ ከጥር ወዲህ አስተማሪ የላቸውም" አሉኝ። "ይልቅ ስለ ፈታኞቹ ንገረኝ።"