አክሪሞኒየስ ትዳር ይስጣችሁ

የሰፈራችን ሊቅ ደብረ ማርቆስ ካፈራቻቸው ሊቃውንት ሁሉ የሚለየው፣ ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ነው። ይህ ክብር ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ነው። ሌላው ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ከተሰማ ይመዘናል፤ ከተመዘነ ደግሞ ቀልሎ የመገኘት አደጋ አለበት። እርሱ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ወጥቷል። ነፃ ያወጣው እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ስል ደብዳቤ የሚጻፍበትን፣ እንግዳ የሚሸኝበትን ተራውን ማለቴ አይደለም፤ የላይኛውን ነው።

ደብተሩን አንድ ቀን አሳይቶኛል። ጥቁር ልባስ ያለው፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ ሦስት ዐምድ የተሰመረበት ደብተር ነው። በመጀመሪያው ዐምድ ቃሉ በቀይ እስክሪብቶ፣ በሁለተኛው ፍቺው በሰማያዊ ሰፍሯል። የሦስተኛው ዐምድ ርእስ «የምጠቀምበት ቦታ» ይላል። የሰውየው ታላቅነት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። «እድር» ይላል። «ሠርግ» ይላል። «ቀበሌ፣ ወረፋ ሲረዝም» ይላል። ከአንዱ ቃል አጠገብ «ለቅሶ፣ በጥንቃቄ» ተብሎ ተጽፏል። «መጽሐፍ ሳነብ» የሚል ግን አንድም ቦታ አላየሁም። ትክክል ነው፤ መጽሐፍ ለአንባቢው አያጨበጭብም። ቃላቱን የሚለቅመው ከመዝገበ ቃላት በተራ ነው። ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እስከ አሁን ያለው ኤ ላይ ነው።

ባለፈው የእድር ስብሰባ የመከርነው ስለ ተቀደደው ድንኳን ነበር። ክረምት ሳይገባ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ? ዳኛው የሸራውን ዋጋ ተናግረው ሳይጨርሱ ሊቃችን እጁን አወጣ።

«የድንኳናችን ሁኔታ አቢዝማል ነው» አለ። «አመራሩ አፓቴቲክ ሆኗል። በአስቸኳይ አሚሊዮሬት ካልተደረገ ውጤቱ አትሮሸስ ይሆናል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጸሎት መስሏቸው ይሆናል። ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንደያዘ ጥቂት ቆየና በቃለ ጉባኤው ላይ «አቶ እገሌ ስለ ድንኳኑ በእንግሊዝኛ አዝነዋል» ብሎ አሰፈረ። ነገሩ ተፈትቶ ሲታይ ድንኳኑ ቀዳዳ ነው ከማለት አያልፍም፤ ይህንንማ ባለፈው ለቅሶ ዝናብ የወረደብን ሁሉ እናውቀዋለን።

አንዲት እናት ብቻ «ተባረክ ልጄ። እና ይጠገን ነው የምትለው ይገዛ?» ብለው ጠየቁት። ስብሰባ የሚያበላሽ ሰው መቼም አይጠፋም። እርሱ ግን በትሕትና ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እኔ አምቢቫለንት ነኝ» ሲል መለሰላቸው። ሁለት ልብ ሆኛለሁ ማለቱ ነበር። በአማርኛ ቢለውማ ኖሮ ሐሳብ እንደሌለው ይታወቅበት ነበር።

ምቀኞች ማስረጃ ማምጣታቸው አልቀረም። ማይክል ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆች 1953 ዓ.ም. ባሳተመው ዝርዝር 2,000 ያህል ቃላት ለቅሟል፤ እነዚህን ያወቀ ሰው በአንድ ተራ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃላት ከመቶ 80 ያህሉን ያውቃቸዋል ይሉናል። ፖል ኔሽን የተባለው የኒውዚላንድ ምሁር ደግሞ ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ ችግር ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃላት ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነርቢዎቹ እንደ አንድ ተቆጥሮ) ያስፈልጋሉ፣ ቃል የሚለመደውም በንባብ እየተደጋገመ ሲገኝ ነው ይላል። ይህ ሁሉ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ሊቃችንን አይመለከተውም።

የእንግሊዞች ታሪክ ራሱ ለእርሱ ይመሰክራል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች በፈረንጆች 1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ ላሟን የሚጠብቀው ገበሬ በራሱ ቋንቋ ካው እያላት ቀረ፤ ሥጋዋን በሳህን የሚቀበለው ጌታ ግን በፈረንሳይኛው ቢፍ አላት። ሁለቱም ቃላት እስከ ዛሬ አሉ። ሊቃችን ማቻከል ውስጥ የአባቱን ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ነው። ከጭራው ወደ ሳህኑ ለመሻገር ቢቸኩል ማን ይፈርድበታል? ልጆቻችንም ቢሆኑ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ያልገባው ተማሪ አንገቱን ነቅንቆ ዝም ይላል። ሊቃችን ያችን ዝምታ ከክፍል አውጥቶ ለሽማግሌዎቹም አዳረሳት።

አንዳንዱ ደግሞ የጎጃምን ቅኔ ቤት አንሥቶ ሊያሳፍረው ይሞክራል። በዋሸራው፣ በጎንጁ፣ በዲማው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ፣ ቀተለ ቀደሰ እያለ ግስ ሲያጠና ያመሻል። እርሱም ቃል ለቃሚ ነበር፤ ልክ ነው። ነገር ግን የለቀመውን ቃል አላስቀመጠውም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ውስጥ አስገብቶ የኔታ ፊት ይቆማል፤ ቃሉ ቦታውን ከሳተ የኔታ «ምን ማለትህ ነው?» ይሉታል፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ቅኔው ይፈርሳል፤ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ያለ ጭካኔ! የሊቃችን እንግሊዝኛ የኔታ የለበትም፤ እኛም ጨዋዎች ስለሆንን አንስቅም።

በጥር የጎረቤታችን ልጅ ተዳረች። መራቂዎቹ አረጋውያን «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው በአጭሩ ሲቀመጡ ሊቃችን ብርሌውን ይዞ ተነሣ። ካፖርቱን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሽሮች ሆይ፣ አክሪሞኒየስ ትዳር ይስጣችሁ!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የሙሽራዋ አባት ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሁላችንም አሜን አልን፤ እኔ እንዲያውም ጮክ ብዬ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። አክሪሞኒየስ፦ ጠብና ምሬት የሞላበት።

እንደምገምተው የፈለገው ሃርሞኒየስ የሚለውን ነበር፤ ስምምነት የሰፈነበት ለማለት። እርሱ ግን የሚጀምረው በኤች ነው። እዚያ ለመድረስ ገና ሰባት ፊደል ይቀረዋል።