ላሟ ሰፈር ትኑር፣ ሐኪሟ ግን ይውጣ?

ሰሞኑን ከወሎ ከተሞች በአንዱ (ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል) ለነዋሪው የቀረበውን የፕላን ደንብ ረቂቅ የሰማ ሁሉ ገርሞት ዝም ብሏል መሰለኝ፣ እኔ ግን አልቻልኩም። ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ከመኖሪያ ቤት 500 ሜትር ካልራቀ ፈቃዱ አይታደስም፣ ውሻና ድመት የሚያድርበት ማቆያ ደግሞ ዝግ ቤት ውስጥም ቢሆን ከከተማው ክልል ይውጣ። ለምን ሲባሉ መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ የውሻ ጩኸት የነዋሪውን እንቅልፍ ይነሳል አሉ። በቃ፣ ያ ነው ምክንያቱ።

እንቅልፍ! ወሎ ውስጥ ሌሊት ውሻ ጮኸ ብሎ የሚባንን ሰው ካለ እሱ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ደሴ ላይ ጅብ ከተራራው ወረድ ሲል ውሻው ከሰፈር ሰፈር እየተቀባበለ ነው የሚያድረው፣ ይሄን የማያውቅ ኃላፊ የት አድሮ ነው የሚመጣው? እነዛ ውሾች ክሊኒክ ውስጥ ያሉ ናቸው እንዴ? ግማሾቹ ባለቤት የላቸውም፣ ግማሾቹ ባለቤት እያላቸው ማታ በር ተከፍቶላቸው ሂዱ የተባሉ ናቸው። ደሞ ወፍጮ ቤቱስ? ብየዳ ቤቱስ? መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚያስነሳው ሆቴልስ? እነሱ ስንት ሜትር ይራቁ ተባለ? ምንም አልተባለም፣ ምክንያቱም ወፍጮ ቤቱን የሚነካ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቁታል። የከብት ሐኪም ግን ሰልፍ አይወጣም።

ስለ ጩኸት ካነሳን አይቀር እስኪ እንደሰው በቁጥር እንነጋገር። ማቆያ ውስጥ ብዙ ውሾች አንድ ላይ ሲጮሁ ድምፁ 100 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል፣ ይሄን አልክድም። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አንድ ሜትር ላይ 100 የነበረው 500 ሜትር ላይ ወደ 46 ይወርዳል። አሁን ውሻውን በሁለቱም በኩል የተለሰነ የብሎኬት ቤት ውስጥ አስገቡት። ግድግዳው ብቻውን 40 ገደማ ይቆርጣል፣ ጎረቤቱ 20 ሜትር ላይ ካለ ርቀቱ ሌላ 26 ይቀንሳል፣ የሚቀረው 34 ነው። ማለትም በደንብ የተሰራ ቤት 20 ሜትር ላይ ሆኖ 500 ሜትር ካለው ክፍት ሜዳ ይሻላል! ድምፁ የሚያመልጠው በመስኮትና በበር ክፍተት፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣራ ነው። ደንብ ማውጣት የፈለገ ሰው እዛ ላይ ይጻፍ፣ ኮርኒስ ይኑረው፣ በሩ ድርብ ይሁን፣ መስኮቱ ወደ ጎረቤት አይከፈት ይበል። ሜትር መለካት ግን ቀላል ነው፣ ካርታ ላይ በኮምፓስ ክብ መሳል ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ሻይ እየተጠጣ ያልቃል።

እሺ ጩኸቱን እንተወው። ዋናው የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ይሄ ረቂቅ እንስሳቱን ከከተማ አያወጣም። ላም በግቢ ማርባት ተከለከለ አይልም፣ በሬ ማደለብ ተከለከለ አይልም፣ ለአረፋና ለፋሲካ በግ ደረጃ ስር ማሰር ተከለከለ አይልም (ቢልስ ማን ይሰማዋል)። የሚያወጣው ሐኪሙን ብቻ ነው። ደሴም ሂዱ ኮምቦልቻም ወልዲያም፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ ሁለት ሦስት የወተት ላም ያላት እናት በየሰፈሩ አለች፣ ልጆቿን ያስተማረችው በነሱ ነው። ያቺ ላም ሌሊት ምጥ ይዟት ጥጃው በኋላ እግሩ ቢመጣ ሐኪሙ ዛሬ ከታች ሰፈር በእግሩ ይደርሳል፣ እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰብስቦ በጀሪካን ውሃና በልብስ ሳሙና ክንዱን አረፋ አድርጎ፣ ጎረቤት በሞባይል እያበራለት፣ ጥጃውን ያወጣዋል። ነገ ሐኪሙ ከከተማው ጫፍ ሆኖ ስልክ ቢያነሳም ሌሊት ምን ይዞ ይመጣል? በእንዲህ ያለ ምጥ ደቂቃው ነው ጥጃውን የሚያድነው። ወሎ ደሞ ከብት ሲያልቅ ሰው ምን እንደሚሆን ከመጽሐፍ የሚማር አገር አይደለም፣ በክፉ ቀን ዘመን የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በሬውን ጨርሶ እርሻው ጾም ሲያድር ያየ አገር ነው። ያ በሽታ ከዓለም ጠፋ የተባለው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ የጠፋውም የክትባት ሠራተኛው ከብቱ ያለበት ድረስ ስለሄደ ነው፣ ከከብቱ 500 ሜትር ስለራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ማቆያው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ረቂቁ ሰው የሚያስገድል። አዎ፣ ሰው። ውሻ ልጅ ነከሰ እንበል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፣ የመዳኛው ጊዜ ከዛ በፊት ነው፣ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት መጀመር። ከዛ ደሞ ውሻው ይያዝና 10 ቀን በክትትል ይቆያል። ለምን 10? ውሻ በምራቁ በሽታውን ማስተላለፍ ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ይታመማል፣ ይሞታልም፤ ስለዚህ ውሻው በ10ኛው ቀን ደህና ሆኖ ጭራውን ከቆላ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፣ የልጁም ቀሪ መርፌ ሊቋረጥ ይችላል። ለድመትም እንደዛው። እና ይሄ ውሻ ያን 10 ቀን የት ይቆይ? ንገሩኝ እስኪ። የተነከሰው ልጅ ቤት ነው? ባለቤቱ ግቢ ነው፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ሌሊት በጥሶ ሊሄድ? ቀበሌ ጽህፈት ቤት ነው? ማቆያ የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፣ የሚቆለፍ በር ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ውሃና ምግብ ሳይነካ የሚሰጥበት፣ በየቀኑ ሐኪም የሚያየው ክፍል። የሀብታም ውሻ ሆቴል እያሉ የሚያሾፉበት ክፍል ማለት ይሄ ነው።

ማቆያ ከሌለ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ውሻው በድንጋይ ይወገራል፣ ጭንቅላቱ ተቀጥቅጦ ቦይ ውስጥ ይጣላል፣ ሰፈሩ ተገላገልን ብሎ ይገባል። አልተገላገለም። በሽታው መኖር አለመኖሩ በላብራቶሪ የሚታወቀው ከአንጎሉ ነው፣ አንጎሉ ከተቀጠቀጠ ምን ተይዞ ይመረመራል? ጭራሽ ያመለጠ ከሆነ ደሞ ልጁ ሙሉውን ክትባት ይወስዳል፣ እናቱ ክትባቱ ጤና ጣቢያ የለም፣ ሆስፒታል ሂጂ ስትባል ትንከራተታለች፣ ውሻው ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ልጅ ይነክሳል። ድሮ ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት ሲወጋ የነበረውን መርፌ የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም አሉ፣ ጠይቋቸው። ዓለም የሰው ሞት በውሻ አማካኝነት በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ዜሮ ይሁን ብሎ እቅድ ይዟል፣ መንገዱም የታወቀ ነው፣ ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ። እኛ ደሞ ውሻ የሚከተብበትን ቤት ከውሻው እናርቃለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ፣ የኛው ይባስ ብሎ ጅቡ በር ላይ ቆሞ ውሻውን ዝም በል ማለት ነው።

አርቀውት ቢሄድስ ምን አለበት፣ የፈለገ ይሄዳል የሚል አይጠፋም። አንድ ነገር ሞክሩ፣ የታመመ ውሻ በገመድ ይዛችሁ አስፋልት ዳር ቆማችሁ ባጃጅ ጥሩ። አንዱ አይቶ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ፍጥነት ይጨምራል፣ ሦስተኛው ቆሞ ወንበሬን ያበላሽብኛል ብሎ ይስቃል። ለማስከተብ ውሻ ይዞ የሚመጣው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፣ በፕላስቲክ ገመድ እየጎተተ። ያ ልጅ በቅርብ ካለ ይመጣል፣ ከከተማ ውጪ ከሆነ አይመጣም፣ ለዚህ ጥናት አያስፈልግም። ክትባቱ ራሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ይበላሻል። መሀል ከተማ ላይ እንኳ መብራት እየጠፋ ሐኪሙ ፍሪጁን በበረዶ እያስታመመ ነው የሚሰራው፣ ትራንስፎርመር ያልደረሰበት፣ የቧንቧ ውሃ ያልገባበት ዳር ላይ ውሰዱትና በምን ያቀዝቅዘው? በዚያ ላይ ደሴን የሚያውቅ ሰው ያውቃል፣ ከተማዋ ተራራ መሀል ተጨምቃ በርዝመት የተዘረጋች ናት፣ ከእያንዳንዱ ቤት 500 ሜትር ራቅ ስትሉ የምትደርሱት ጦሳ ገደል ላይ ነው። ይሄ ደንብ እንደኛ ባለ ከተማ የክሊኒክ ቦታ አይሰጥም፣ ክሊኒኩን ይዘጋል፣ ዝግ ነው ላለማለት ሜትር ይጠቅሳል።

አንድ ነገር ግን በአክብሮት ልመልስ። ስብሰባው ላይ አንድ አባት ውሻ ነጃሳ ነው፣ ምራቁ ልብሴን ከነካ ሰባቴ ማጠብ አለብኝ፣ መስጊድ ስሄድ በበሬ ላይ ውሻ ሊመላለስብኝ ነው ብለው ነበር። አባቴ፣ ልክ ኖት፣ ይሄ የሚናቅ ነገር አይደለም። ግን ዛሬ በሮት ላይ ተኝቶ የሚያድረው ውሻ የማን ነው? የማንም። ዝግ ማቆያ ውስጥ ያለው ውሻ ልብሶትን የሚነካበት መንገድ የለም፣ በርቀት የተባረረውና ሳይከተብ መንገድ ላይ የቀረው ግን ፈጅር ሲሄዱ ያገኙታል። ለክሊኒኩ በር በሌላ መንገድ ይሁን፣ ከመስጊድና ከቤተክርስቲያን መግቢያ ፊት ለፊት አይሁን ቢባል እኔም እጄን አወጣለሁ።

ሽታና ቆሻሻ የሚለውንም ሰምቻለሁ፣ እሱ እንኳን ትንሽ ውሃ ያነሳል። ክፍት ግቢ ውስጥ ውሻ ደርድሮ አስሮ የሚያሳድር ካለ ይከልከል፣ የታጠበበትን ውሃ ቦይ ላይ የሚለቅ ካለ ይቀጣ። ማቆያ የራሱ ሴፕቲክ ታንክ ይኑረው፣ ወለሉ በየቀኑ በበረኪና ይታጠብ፣ አየሩ በሰዓት ከ10 ጊዜ በላይ የሚቀየርበት ማራገቢያ ይግባለት፣ የታመመው ከጤነኛው በተለየ ክፍል ይሁን፣ የሞተ እንስሳ ገንዳ ላይ አይጣል። ይሄን የሚቃወም ሐኪም የለም፣ ካለም ሐኪም አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ደንብ ላይ ያለው ልዩነት ይሄው ነው፣ እንስሳው ቤት ውስጥ ብቻ የሚቆይ ከሆነ ንግድ ያለበት ሰፈር ይፈቀዳል፣ ደጅ መሮጫ ካለው ከመኖሪያ ይርቃል። የኛዎቹ ዝጉንም ክፍቱንም አንድ ላይ ጠቅልለው ማቆያ ብለው ጻፉት፣ ሳያነቡ ነው የጻፉት ብዬ ባስብ ማን ይፈርድብኛል?

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም ያስመርቃል፣ ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪ አለ፣ ባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ስንት ግመልና ፍየል እንደሚውል ያየ ያውቃል። ይሄ ሁሉ ባለበት አገር የተመረቀው ልጅ ክሊኒክ ልክፈት ሲል ቦታ የለም ይባላል፣ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ልክፈት ሲል ግን ይፈቀድለታል። ውጤቱ ምን ሆነ? ባለከብቱ እንስሳውን ሳያስመረምር መድኃኒት በመስኮት ገዝቶ ራሱ ይወጋል፣ መጠኑን በግምት፣ ወተቱን ደሞ በማግስቱ ይሸጥልናል፣ እኛም እንጠጣዋለን። በሬው ድንገት ሲሞትበት የሚጠይቀው ሰው ቅርብ ካላገኘ ገፎ ለቅርጫ ያካፍላል፣ አባ ሰንጋ ከሆነ የበላውም የገፈፈውም ሊታመም ይችላል፣ ደሙ የፈሰሰበት መሬት ደሞ ለዓመታት በሽታውን ይዞ ይቆያል። ይሄን ሁሉ በአንድ ስልክ የሚያስቀር ሰው ነው ከሰፈር ውጣ የተባለው።

የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ የነዋሪን ተሳትፎ ይጠይቃል፣ እነሱም አሳትፈናል ይላሉ። ማንን? አዳራሹ ውስጥ አብዛኛው ሰው አበል ሊፈርም የመጣ ነበር፣ ላም ያላት እናት አልተጠራችም፣ የከብት ሐኪም ሁለት ሆነው ከኋላ ተቀምጠው እጃቸውን አውጥተው ዕድል ሳያገኙ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ረቂቁ ገና አልጸደቀም፣ ስለዚህ 500 ሜትር የሚለው ይሰረዝና በቦታው ግድግዳው፣ ጣራው፣ ፍሳሹ ይጻፍ፣ በየከተማው ቢያንስ አንድ የ10 ቀን ክትትል ክፍል ይኑር የሚል አንቀጽም ይግባበት። ሁለተኛ ስብሰባ ይጠራ፣ ወተት የሚሸጡት፣ ደላቢዎቹ፣ ሐኪሞቹ፣ ልጁ የተነከሰበትም ይምጣ። ቀኑ ብቻ ሰኞ እንዳይሆን፣ ሰኞ ሁሉም ገበያ ነው።