ማስቲሹን ለማን ነው የምንቀዳው?

የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ቁጣዬ ደግሞ ከራሴ ይጀምራል።

ባለፈው ታኅሣሥ የበር ማጠፊያ ልገዛ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ማለዳ ነው። ውርጩ ገና ከቆርቆሮው ላይ አልለቀቀም። ባለሱቁ ማጠፊያ እየፈለገልኝ ሳለ አንድ ልጅ ገባ። ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከእጅጌው ውስጥ የተጨማደደች ሃይላንድ አወጣ። ብሩን ባንኮኒው ላይ አደረገ። ምንም አልተናገረም። ባለሱቁም ምንም አልጠየቀውም። ከትልቁ ቆርቆሮ ማስቲሽ ቀዳለት። ልጁ ሃይላንዷን እጅጌው ውስጥ መልሶ ወጣ። እኔም ማጠፊያዬን ተቀበልኩ፣ መልሴን ቆጠርኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ልጁ ማስቲሹን ሊስበው መሆኑን ሁለታችንም አውቀን ነበር። ጫማ ሰፊ ማስቲሽ ሲገዛ በቆርቆሮው ይገዛል። ከእጅጌ በወጣ ጠርሙስ አያስቀዳም። ልጁ ዝም ያለው፣ ባለሱቁ ዝም ያለው፣ እኔም ዝም ያልኩት ነገሩ ለሦስታችንም ግልጽ ስለነበረ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚከነክነኝ ይህ ነው። «አላውቅም ነበር» ማለት አልችልም።

ልጁ ለምን እንደሚስበውም እናውቃለን። የደብረ ብርሃንን ሌሊት የማያውቅ ሰው የለም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው ያለነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በረንዳ ላይ ያደረ ልጅ እንዴት እንደሚያነጋ አስቡት። ማስቲሽ ብርዱን ያስረሳዋል። ረሃቡንም ያስረሳዋል። ከሚዳ፣ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ ሥራ አገኛለሁ ብሎ የመጣ አለ። በጦርነትና በግጭት ቤቱ የፈረሰበት፣ ከቤተሰቡ የተለያየ አለ። ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ ልጅ ብርዱን በማስቲሽ ሲከላከል እያየን እናልፋለን። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

አሁን ማስቲሹ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን «ያደነዝዛል» ከማለት አልፈን አናውቅምና።

በብዙ ማስቲሽና ቲነር ውስጥ ቶሉይን የሚባል ኬሚካል አለ። ቶሎ ይተናል። ትነቱ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ለመድረስ ሰከንዶች ይበቁታል። ስካሩ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለቅ ልጁ ደግሞ ይስባል። ቀኑን ሙሉ ጠርሙሱን ከአፉ የማይነጥለው ለዚህ ነው። ሲቆይ የአንጎል ነርቮች የተሸፈኑበትን ነጭ ልባስ ይጎዳል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እግር ይወላገዳል፣ የተነገረው ነገር አይያዝም። ኩላሊትንም ጆሮንም ይነካል። ቤንዚን ውስጥ ደግሞ የደም ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል አለ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ልቡ ነው። እነዚህ ትነቶች ልብን አድሬናሊን እንዳይችል ያደርጉታል። አድሬናሊን ስንደነግጥና ስንሮጥ ሰውነታችን የሚያመነጨው ነው። ስቦ የተቀመጠ ልጅ በድንገት ቢደነግጥ ወይም ተነስቶ ቢሮጥ ልቡ ምቱን ስቶ ቀጥ ሊል ይችላል። ለዚህ ዓመታት መሳብ አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ቀንም ሊሆን ይችላል።

እናንተ ዱላ ይዛችሁ ከሕንፃ ሥር የምታባርሯቸው ጥበቃዎች፣ ይህን ስሙኝ። እናንተም ከሱቅ ደጃፍ ላይ ውኃ የምትደፉባቸው። የሳበን ልጅ አታሯሩጡት። አትጩኹበት። ጠርሙሱን ለመንጠቅ አትታገሉት። ቀስ ብላችሁ አነጋግሩት፣ አየር ወዳለበት ውሰዱት፣ እስኪለቀው አብራችሁት ቆዩ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙትና ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። እሳት አጠገብም አይሁን። ትነቱ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ልጆቹ ደግሞ ማታ ማታ ካርቶን አንድደው ነው የሚሞቁት።

ወደ ሱቁ ልመለስ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሱቁ ነውና።

«ሕግ ይውጣ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ይውጣ። ግን ያለንን ሕግ ምን አደረግነው? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም መጠጥም አይሸጥም። ከወጣ ዓመታት አልፈውታል። በየሠፈራችን ሲጋራ በፍሬ የሚገዛ ልጅ ዕድሜውን ሲጠየቅ ያየ ማነው? እኔ አላየሁም። ስለዚህ አዲስ አዋጅ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቅ ማለት ለእኔ ሽሽት ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ሕግ ነበራቸው። ዛሬ በሌላ ሰፋ ባለ ሕግ ተተክቷል። ያ ሕግ ማስቲሽ አይሸጥ አላለም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ ልጁ ሊስበው መሆኑን እያወቀ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እያለው የሸጠን ሰው ነው በወንጀል የጠየቀው። ይህን ሳነብ ያ የታኅሣሥ ጠዋት መጣብኝ። ሕጉ ባለሱቁን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አውቀሃል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የላይተር ጋዝ መሙያ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሸጥ በግልጽ ከለከሉ። እዚህ ላይ «ለምን እንደፈለገው አላወቅሁም» ማለትም አላዋጣም።

ባለሱቁ ወንድሜ፣ ባለሱቋ እህቴ፣ አንተም አንቺም ታውቃላችሁ። ደንበኛን ከፊቱ ታውቁታላችሁ። ማን ዱቤ እንደሚከፍል፣ ማን እንደማይከፍል በዓይን ትለያላችሁ። በሃይላንድ ማስቲሽ የሚያስቀዳን ልጅ አለየሁትም ብትሉኝ አላምናችሁም። «እኔ ባልሸጥለት ሌላው ይሸጥለታል» የምትሉትን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ይሸጥለት ይሆናል። ግን ሌላው ሱቅም ይህንኑ እያለ ነው የሚቀዳለት። ከአንድ ጠርሙስ ማስቲሽ የምታገኙት ትርፍ ስንት ነው? ለልጃችሁ ደብተር ይገዛል? በዚያ ብር የተገዛውን ደብተር እያያችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል?

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ወላጆች። ሳስበው ሳስበው ዋናው ቋጠሮ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

እኛ ዘንድ ልጅ ይላላካል። ጎረቤት እንኳ «ማሙሽ፣ እስቲ ጨው ገዝተህልኝ ና» ይላል፤ ማሙሽም ይሮጣል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እንዲጠፋ አልፈልግም። ልጅ በመላላክ ነው ሒሳብ የሚማረው፣ ሠፈር የሚያውቀው፣ የትልቅ ሰው ምርቃት የሚቀበለው። ግን በዚያው ልማድ ሲጋራ እንልካለን። አረቄ እንልካለን። ቤት ቀለም ስንቀባ «ቲነር አልቋል፣ ሩጥ» እንላለን። ለሞተርና ለጄኔሬተር ቤንዚን በጀሪካን እናስመጣለን። ያኔ ባለሱቁ በምን ይለይ? የእኔ ልጅ «አባባ ልኮኝ ነው» ይላል። በረንዳ የሚያድረውም ልጅ «አባባ ልኮኝ ነው» ይላል። አባት የሌለው ልጅ በእኔ አባትነት ይገዛል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ጨው ላኩ፣ ሳሙና ላኩ፣ ሚስማርም ላኩ። ማስቲሽ፣ ቲነር፣ ቤንዚንና የላይተር ጋዝ ግን ትልቅ ሰው ራሱ ሄዶ ይግዛ። አራት ነገር ብቻ። ይህን ካደረግን ባለሱቁ ልጅ ሲመጣበት «ትልቅ ሰው ይምጣ» ለማለት አያፍርም። የሚጣላው ደንበኛም አይኖርም።

«ይሄ የጎዳና ልጅ ችግር ነው፣ የእኔ ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ ነው የሚወጣው» የምትሉም አላችሁ። ነግ በኔ ማለት ጥሩ ነው። ቲነሩ ያለው ከእናንተ ቤት ደረጃ ሥር ነው። ቤንዚኑ ጓሮ ነው። የጥፍር ቀለም ማጥፊያው መስታወቱ አጠገብ ነው። ልጃችሁ ልብሱ ወይም ትንፋሹ ቀለም ቀለም ከሸተተ፣ በአፍና በአፍንጫው ዙሪያ ቁስል ካወጣ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋ፣ ሳይጠጣ እንደጠጣ ሰው ከተንገዳገደ፣ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። ቀበቶ አትፍቱ። ስለ ልቡ የነገርኳችሁን አስታውሱ።

ሱቁ ቢዘጋበት ልጁ ሌላ ነገር ያገኛል የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ብርዱና ረሃቡ እስካለ የሚሄድበት ይፈልጋል። ማደሪያና እንጀራ የግድ ነው፤ ለዚያ የምሟገተው ለብቻው ነው። ነገር ግን ዕቃውን ከልጅ እጅ ማራቅ ለውጥ አያመጣም የሚለውን አልቀበልም። አውስትራሊያ ውስጥ ራቅ ባሉ የነባር ሕዝቦች መንደሮች ልጆች ቤንዚን እየሳቡ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነዚያ መንደሮች ማደያዎች መኪናውን የሚያስኬድ፣ ሲሳብ ግን እንደ ድሮው የማያሰክር ቤንዚን እንዲሸጥ ተደረገ። መሳቡ በእጅጉ ቀነሰ። ድህነቱ ያን ጊዜ አልጠፋም። ልጆቹ ግን በሕይወት ቆዩ፤ ሌላውን ለመርዳት ጊዜ ተገኘ።

እኛ የነዳጅ ፋብሪካ የለንም። እድር ግን አለን። እድር ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ያልመጣን አባል ይቀጣል። ባለሱቆቻችን ሁሉ የአንዱ እድር አባል ናቸው። «ለልጅ ማስቲሽ የቀዳ አባል ይቀጣል» የሚል አንድ መስመር መተዳደሪያ ደንባችን ላይ ለመጨመር የአዲስ አበባን ፈቃድ አንጠብቅም። ልጅ ሲሞት ድንኳን ለመትከል ከምንሰበሰብ፣ ለዚህ እንሰበሰብ።

እኔ ለእድራችን ዳኛ ነግሬያለሁ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ አጀንዳ ሆኖ ይቀርባል። ከስብሰባው በፊት ግን ወደዚያ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ሱቅ እሄዳለሁ። ያን ቀን ዝም ብዬ መውጣቴን ለባለሱቁ እነግረዋለሁ። ወደ ስብሰባው አብሮኝ እንዲመጣም እጠይቀዋለሁ።